በመዳብ የተሰፉ አዝራሮች

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ከሁሉ በፊት ይቺን ያዙልኝ። ሚዛን ተፈሪ መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ሞባይል ስጠግን ጢሜ የሸበተብኝ ሰው ነኝ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን «ሬዲዮዬ ሳልከፍተው ያወራል» ብሎ የመጣ አለ፣ «በሞተው ወንድሜ ቁጥር ይደወልልኛል» ብላ እያለቀሰች የመጣችም አለች፣ ሁሉንም ተቀብዬ ሳየው ወይ ጉንዳን ገብቶበት ነው፣ ወይ ዝናብ ነክቶት ነው፣ ወይ ደግሞ ቁጥሩን ሌላ ሰው አውጥቶት ነው። ጂን መኖሩን ሃይማኖቴም ይነግረኛል፣ አልክድም፣ ግን ጂን ሥራ ፈትቶ ከእኔ ከሽኩር ጋር ሸኮ ጫካ ውስጥ ይውላል ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ወላሂ። ሚስቴ በስልኳ የሚያስፈራ ታሪክ ከፍታ ብርድ ልብስ ውስጥ ስትገባ የምስቀው እኔ ነበርኩ። አሁን አልስቅም፣ ይህን ያየች ጊዜ ደግሞ እሷ ትስቅብኛለች።

ነገሩ የሆነው በውድቅት ሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው፣ ጉም ሸፍኗት ነበር እንጂ። ግን ስለ ማሽኗ ሳልነግራችሁ ወደዚያ ብገባ አይገባችሁምና ትንሽ ታገሱኝ። ማሽኗ ብረት መፈለጊያ ናት፣ እዚህ አገር «የወርቅ ማሽን» ይሏታል፣ ረጅም እጀታ አላት፣ ጫፏ ላይ ሳህን የሚያህል ክብ ነገር አለ፣ እሱን መሬት መሬት እያስነኩ ሲያወዛውዟት ከሥር ብረት ካለ በጆሮ ማዳመጫው ትጮሃለች። ያገኘኋት ዲማ ወርቅ ፍለጋ ሄዶ ወባ ብቻ ይዞ ከተመለሰ ሰውዬ ነው፣ ተበላሽታ አመጣልኝ፣ ጠግኜ ስሰጠው «ሁለተኛ ዓይኗን ማየት አልፈልግም» ብሎ በአሮጌ ስልክ ለወጠኝ። ደስ ስትል! ብረት ስታገኝ ታጉረመርማለች፣ ናስና መዳብ ስታገኝ ግን ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ ታወጣለች፣ ሠሪውን ባገኘው እጁን እስመው ነበር።

ወርቅ አንድም ቀን አላገኘሁባትም። ማጂ ከተማ ላይ የሚስቴ የአጎት ልጅ ሠርግ ነበረው፣ ማሽኗን መኪና ላይ ጭኜ ሄድኩ፣ ሚስቴ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችልኝም፣ ከሠርጉ ማግስት የድሮ ጦር ሰፈር ነበር ከሚባለው ዳገት ላይ ባለቤቱን አስፈቅጄ የጎመን ማሳ ውስጥ ስሞክር ጮኸች፣ ቆፈርኩ፣ ልቤ ሊቆም ደረሰ፣ የወጣው ግን የወታደር ልብስ አዝራር ነው፣ የናስ፣ ፊቱ ላይ አንበሳ ያለበት። በሎሚ ፈግፍጌ ሳየው፣ እመኑኝ፣ ወርቅ ባገኝ እንደዚያ ደስ የሚለኝ አይመስለኝም። እስቲ አስቡት፣ አንድ ሰው ይቺን አዝራር በየማለዳው በአውራ ጣቱ እየገፋ ሲቆልፋት ኖሯል፣ ሰውየው ሄዷል፣ ልብሱ በስብሷል፣ አለቆቹም ተረስተዋል፣ አዝራሯ ግን አንበሳዋን ይዛ ጎመን ሥር ቁጭ ብላለች። ከዚያ ወዲህ አበቃልኝ። ቱም ከተማ ሄድኩ፣ በቴፒ መንገድ ወጣሁ ወረድኩ፣ የጣሊያን ጊዜ፣ የንጉሡ ጊዜ፣ የደርግ ጊዜ፣ የቀበቶ ዘለበቱን፣ የኮፍያ ምልክቱን፣ አዝራሩን እየለቀምኩ ሱቄ ውስጥ ከባትሪና ከቻርጀር ጎን በመስታወት አድርጌ ደረደርኩት። ጥይት ነገር ካየሁ ግን እጄን አላስገባም፣ ለፖሊስ ነው የምደውለው፣ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። ሰፈሩ «ሽኩር አዝራሩ» የሚል ስም አወጣልኝ፣ እኔም ወደድኩት።

እትዬ ዘነበችን ያመጣብኝ ይኸው መስታወት ነው።

እትዬ ዘነበች ሸኮ ከተማ ውስጥ ልብስ የሚሰፉ ሴት ናቸው፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የቄስ ቀሚስ፣ የሠርግ ሱሪ፣ እሳቸው ያልሰፉለት የሸኮ ሰው ያለ አይመስለኝም። ያን ቀን ሚዛን የመጡት ለዓይናቸው ሕክምና ነው፣ ልጃቸው ምሕረት ከጅማ መጥታ ይዛቸው ነበር፣ ምሕረት አስተማሪ ናት፣ ስልኳ ድምፅ አላሰማ ብሏት ወደ እኔ ገቡ። እኔ ስልኩን ስፈታ እትዬ መስታወቱ ላይ ጎንበስ ብለው መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ።

«እነዚህ ሁሉ በክር የተሰፉ ነበሩ» አሉኝ በመጨረሻ።

«እንዴት አወቁ እትዬ? ክሩ እኮ የለም።»

«የለማ! የእኛ አገር ዝናብ የክርን ነገር መቼ ያውቃል፣ ሁለት ክረምት አያኖረውም። የእኔ ቢሆን ኖሮ አብሮት ይኖር ነበር። እኔ የሰፋሁት በመዳብ ነው።»

ስልኩን አስቀምጬ ወንበር ሰጠኋቸው፣ እሳቸውም ነገሩኝ። ባለቤታቸው አሥር አለቃ ታደሰ የመገናኛ ወታደር ነበር፣ ስልክ ገመድ ሲዘረጋ የሚውል፣ ደን ለደን የሚሄድ፣ የካፖርቱ አዝራር በየጊዜው ክሩ እየበሰበሰ ይረግፍበታል፣ አለቃው ይቆጣዋል። እትዬ ያኔ ገና አዲስ ሙሽራ ናቸው፣ አሰቡና ከተጣለ የስልክ ገመድ ውስጥ ያለውን እንደ ፀጉር የቀጠነ መዳብ መዝዘው፣ በመርፌ አስገብተው፣ ስድስቱንም የናስ አዝራር በእሱ ሰፉለት፣ ከኋላ ደግሞ ራሳቸው ባወጡት ቋጠሮ ቋጠሩት። ከዚያ በኋላ አንድም አልረገፈ። እንዲህ ያለች ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሽቦ ስነካካ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ይህ ግን በሕልሜም አልመጣልኝም፣ አፌን ከፍቼ ነው የሰማኋቸው።

መንግሥት በተለወጠበት ዓመት የታደሰ ጦር ተበታተነ። አብረውት የነበሩ ሰዎች ኋላ መጥተው የነገሯቸው ይህን ብቻ ነው፣ ከሸኮ በታች፣ ግማሽ ቀን እንኳን በማያስኬድ ርቀት ጫካ ውስጥ፣ አንድ ወንዝ ዳር ትኩሳት አሸንፎት ተቀመጠ፣ «ቅደሙ፣ እደርስባችኋለሁ» አላቸው፣ አልደረሰባቸውም። ምሕረት ያኔ ገና በሆድ ናት። እትዬ ወንዙን ስንት ጊዜ እንደተመላለሱበት እሳቸው ናቸው የሚያውቁት፣ አንድ ነገር አልተገኘም።

«ሞቷል እንዳልል ያየ የለም፣ አለ እንዳልል ይኸው የለም» አሉኝ። «አላስፈታሁትም፣ ተዝካሩን አላወጣሁም፣ ጥቁር አልለበስኩም። በሕይወት ላለ ሰው ፍታት ይደረጋል?»

ምሕረት ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። እናቷ ዓይናቸው እየደከመ ነው፣ እግራቸውም እንደ ድሮው አይደለም፣ ጅማ ወስዳ ከእሷ ጋር ልታኖራቸው ዓመታት ለምናቸዋለች፣ የሳቸው መልስ ያው ነው፣ ሳላውቅ ከሸኮ አልነቃነቅም፣ ቢመጣስ የት ብሎ ያገኘኛል።

«ዐፅሙ ይቅር» አሉኝ እጄን ይዘው፣ «አንድ አዝራር ብቻ አግኝልኝ ሽኩሬ። አንዷን ካየሁ አስፈታዋለሁ፣ አለቅሰዋለሁ፣ ከልጄ ጋር እሄዳለሁ። በቃኝ።»

እንግዲህ ይህን ሰምቶ እምቢ የሚል ሰው ካለ ንገሩኝ።

ወንዙ ዳር ያለው የጫካ ቡና የጋሽ አዳሙ ነው፣ ጋሽ አዳሙ የሸኮ ተወላጅ፣ ቡናና ማር የሚያወጡ፣ ቁጥብ ንግግር ያላቸው ሰው ናቸው። አስፈቀድኳቸው፣ ፈቀዱ፣ ይዘውኝም ወረዱ። ጫካውን ብታዩት! ዛፎቹ ቀና ብላችሁ ጫፋቸውን ስትፈልጉ ኮፍያችሁ ይወድቃል፣ ከሥር ቡናው፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማው፣ ከላይ ጉሬዛው ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እየዘለለ ይንጫጫል፣ ጋሽ አዳሙ ደግሞ ቀፎ የሚሰቅሉት እኔ ለማየት አንገቴን የሚያመኝ ከፍታ ላይ ነው፣ በገመድ ብቻ፣ በዚያ ዕድሜያቸው። አንድ ዛፍ ብቻ ባዶውን አየሁና ጠየቅኳቸው።

«ንብ አይገባም እዚህ» አሉኝ። «ይመጣል፣ ያያል፣ ይሄዳል። ተውኩት።»

እኔም ተውኩት፣ ንብ የራሱ ጠባይ አለው ብዬ።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ፣ ካባራ በኋላ ጉሙ ከሸለቆው እየተነሳ መጣ። ጋሽ አዳሙ «እኔ በቆሎ ልጥበስ፣ ስትጨርስ ውጣ» ብለውኝ ዳገቱ ላይ መንገዱ ዳር ወዳለችው ጎጇቸው ሄዱ። ስልኬን ለሳቸው ሰጠኋቸው፣ ስልክ ማሽኗን ይረብሻታል፣ ከወገቤ ቀበቶዬንም ፈታሁ፣ ሥራዬን አውቃለሁ። ወንዙ ዳር ያለውን ቦታ ሁሉ ቀስ እያልኩ ሳወዛውዝ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም፣ አንድ የዛገ የመጥረቢያ ቁራጭ ላይ አጉረመረመችብኝ፣ ከዚያ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ፣ ሰው ቢደክመው በሚደገፍበት በኩል፣ ያቺ ቀጭን ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ጥርት ብላ መጣች።

ክንዴ ድረስ ቆፈርኩ። አዝራር ነው። ጭቃውን በአውራ ጣቴ ስጠርገው ከኋላው ሽቦ አለ፣ መዳብ፣ ከእርጅናው ብዛት አረንጓዴ ሆኖ የሚፈረፈር፣ ቋጠሮው ግን እንዳለ ነው። ደስታዬን አትጠይቁኝ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ብቻዬን «እትዬ! እትዬ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ያቺ አዲስ ሙሽራ በመርፌ ጎትታ የቋጠረችው ነገር ይህን ሁሉ ዘመን ጭቃ ውስጥ አልተፈታም፣ ይህ ተአምር አይደለም እንዴ? በዚያች ሰዓት ሥራዬን ጨርሼ ብወጣ ኖሮ ይህን ታሪክ አልነግራችሁም ነበር።

ግን አንዷ ካለች ሌሎቹም ይኖራሉ ብዬ ማሽኗን ወደ ዳገቱ አቀናሁ፣ ጥቂት እንደሄድኩ ደግማ ጮኸች። ሁለተኛው ያን ያህል አልጠለቀም፣ መዳፌን ያህል ብቻ፣ ሽቦውም አረንጓዴ ሳይሆን ጠቆር ያለ ነው። አፈሩ ይለያይ ይሆናል አልኩ። አዝራሮቹን እንዳገኘኋቸው ተራ በተራ በጨርቅ ቋጥሬ ኪሴ ከተትኩ፣ ልማዴ ነው፣ የቱ የት እንደተገኘ ካላወቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ይኸኔ ነው ጉሬዛዎቹ ዝም ማለታቸውን ያስተዋልኩት። ጉሙ አካባቢዬን ሞልቶታል፣ ከቅጠል ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሌላ ድምፅ የለም። እጄን አሳርፌ፣ ማሽኗን ሳላንቀሳቅስ ቆሜ ሳለሁ፣ ያቺ ቀጭን ድምፅ ከሩቅ ጀመረች፣ ቀስ እያለች ጎላች፣ ጎላች፣ ከዚያ ቀስ እያለች ጠፋች። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ድምፁ እንዲህ የሚሆነው ሳህኑን በብረቱ ላይ ሳሳልፈው ነው፣ እኔ ግን ቆሜያለሁ፣ እጄም አልተነቃነቀም። እኔ ካልተንቀሳቀስኩ የተንቀሳቀሰው ብረቱ ነው ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም፣ ከእግሬ አጠገብ ናስ ነገር ከኋላዬ መጥቶ ወደ ፊቴ አለፈ ማለት ነው። ባትሪዋን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ገመዷን ነካካሁ፣ ምንም ችግር የለባትም። ቆምኩ። ደግሞ መጣች፣ ከታች ወደ ላይ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ የደከመ ሰው እርምጃ፣ መሃል ላይ ቆም እያለች።

ይኸኔ መሮጥ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን እጄ የለመደውን ሠራ፣ ድምፁ ወዳለፈበት አንድ ሁለት ጊዜ ሳወዛውዝ ሦስተኛው አዝራር ቅጠል ሥር ተገኘ፣ ቅጠሉን ገለጥ ሳደርገው ታየ፣ ሳልቆፍር። የዚህኛው ሽቦ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ሱቄ ውስጥ ጥቂት ዓመት የተቀመጠ ሽቦ የሚመስል። መዳብ አውቃለሁ፣ የዕለት እንጀራዬ ነው፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አፈሩ ነው የምትለዋ ሰበብ አላስኬድ አለችኝ።

ከላይ የጋሽ አዳሙ ድምፅ በጉሙ ውስጥ መጣ። «እንደምን ዋሉ!» አሉ ጮክ ብለው። ለእኔ መስሎኝ ልመልስ አፌን ከፈትኩ፣ ቀጠሉ፣ «በቆሎ ደርሷል፣ ይግቡ!» አሉ። እኔን ጋሽ አዳሙ «አንተ» ነው የሚሉኝ።

አራተኛው አዝራር መንገዱ ጋ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ነው። ማሽኗ ሳትጮህ ዓይኔ ነው ያየው፣ ዛሬ በወደቀ እርጥብ ቅጠል ላይ ተቀምጧል፣ ሽቦው እንደ አዲስ ያብለጨልጫል፣ ከገመድ ውስጥ አሁን የተመዘዘ፣ እጅ እንኳን ያላደበዘዘው መዳብ። ዝናብ መጣሉን ነግሬያችኋለሁ፣ አዝራሩ ላይ ግን አንድ ጠብታ ውሃ የለም።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ጋሽ አዳሙ እሳታቸው ዳር ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ።

«ያ ሰውዬ አብሮህ ነበር?» አሉኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ከአንተ ቀድሞ የወጣው ነዋ። እንደምን ዋሉ አልኩት፣ እግዜር ይመስገን አለኝ። ይግቡ አልኩት። መንገድ አለብኝ ብሎ አለፈ።»

«ፊቱን አዩት?»

«ጉም ነው። ድምፁ ወጣት ነው። አካሄዱ ግን የታመመ ሰው ነው።» ከዚያ በቆሎውን አስቀምጠው ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጨበጡ። «ረጅም ካፖርት ለብሷል። ብርድ ይዞታል መሰለኝ፣ እንዲህ አድርጎ በእጁ ገጥሞ ይዞታል።»

እኔ ያገኘሁትን አዝራር ገና አላሳየኋቸውም ነበር። ኪሴን ነካሁ፣ አራቱም አሉ። ወዴት እንደሄደ ስጠይቃቸው በአገጫቸው ወደ ላይ አመለከቱኝ፣ ወደ ሸኮ ከተማ። መንገዱ ላይ ወጥተን አየን፣ ጭቃው ላይ የሞተር ብስክሌት ጎማ ዱካ ብቻ ነው ያለው፣ ሌላ ዱካ የለም። ጋሽ አዳሙ «እንግዲህ ሰላምታ ከመለሰ ምን ይደረጋል» ብለው በቆሎዬን ሰጡኝ።

በማግስቱ ወደ እትዬ ቤት ስሄድ መንገዱን ሙሉ ስከራከር ነበር። ሁለቱን አሮጌዎቹን ብቻ ባሳያቸው ያስፈቱታል፣ ያለቅሳሉ፣ ይወጣላቸዋል፣ ከልጃቸው ጋር ይሄዳሉ፣ የፈለጉት ይኸው ነው። ያንን የሚያብለጨልጨውን ባሳያቸውስ ምን ይሆናሉ? ግን ደግሞ የራሳቸው ነው፣ ከሰው ንብረት ላይ አንዱን አንስቼ ሌላውን መደበቅ የት የተማርኩት ነው? ምሕረት በር ከፈተችልኝ፣ ዕቃ እያሰረች ነበር፣ ማግኘቴን ትናንት ማታ በስልክ ነግሬያት «ተመስገን» ብላ አልቅሳለች፣ እናቷም ቄሱን እንዲያናግሩ አድርጋለች።

ጨርቁን ልብስ መቁረጫ ጠረጴዛቸው ላይ ፈታሁት፣ አራቱንም በተራቸው አስቀመጥኩ። እትዬ መስኮቱን ከፈቱ። የመጀመሪያውን አንስተው በጣታቸው ዳበሱት፣ «የእኔ ነው» አሉ፣ ሳሙት። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛውን አንስተው ወደ ብርሃኑ አስጠጉት፣ ገለበጡት፣ መልሰው ገለበጡት።

«ቋጠሮው የእኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እጁ ግን የእኔ አይደለም። አስተምሬው ነበር፣ እሱ ሲቋጥር ያጠብቀዋል።»

«እማዬ፣ በቃ ተይው» አለች ምሕረት።

እትዬ አልሰሟትም። «ሽኩሬ፣ ይሄ አሮጌው የት ነው የነበረው?»

«ወንዙ ዳር፣ ድንጋዩ ሥር።»

«ይሄ አዲሱስ?»

«ላይ፣ መንገዱ ጋ።»

«በቴፒ በኩል ነው በእኛ በኩል?»

ልዋሽ አሰብኩ፣ ወላሂ አሰብኩ። «በእናንተ በኩል ነው እትዬ» አልኳቸው፣ ከዚያ ጋሽ አዳሙ ያዩትንም ነገርኳቸው፣ ካፖርቱን በእጁ ገጥሞ መያዙን፣ መንገድ አለብኝ ማለቱን። ምሕረት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። እትዬ ግን፣ አላህ ምስክሬ ነው፣ ሳቁ። እንደ ልጃገረድ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

«ድሮም ሲራመድ ቀስ ይላል» አሉ። «እስክቆጣ ድረስ ነበር የሚያስጠብቀኝ።» ከዚያ አዝራሮቹን ሰብስበው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯቸው። «ከስድስቱ ሁለት ቀርቶታል ማለት ነው። እነዚህን ሲመጣ እሰፋለታለሁ፣ ብርዱ ይጎዳዋል።»

የታሰረውን ዕቃ ራሳቸው ፈቱት፣ ለቄሱ ይቆይ ብለው ላኩ። ደንዝዣለሁ፣ ግን እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳያቸው የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፣ እመኑኝ፣ አደነቅኳቸው። እኔና ጉልበት ያለን ሁሉ የምንሸሸውን ነገር እሳቸው በር ከፍተው ነው የሚጠብቁት። ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ነጭ ለብሰው፣ ዓይናቸው እየደከመ የስፌት መኪናቸው ላይ ቁጭ ብለው ሲሰፉ አሁንም ባልፍ አያቸዋለሁ፣ እጅ ነስቼ ነው የማልፈው። በሩን ግን ሲመሽ መቀርቀሪያ አያስገቡም ብሎ ሰው ነግሮኛል።

ምሕረት ለብቻዋ ወደ ጅማ ስትመለስ ሱቄ መጥታ «እናቴን ልወስድ መጥቼ ነበር፣ አንተ አስቀረህብኝ» አለችኝ። እሷም ሳይንስ የምታስተምር፣ እንዲህ ያለ ነገር የማታምን ሰው ናት። እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። እናቷን ልትጠይቅ ሸኮ ሄዳ ነበር፣ ድምጿ የሌላ ሰው ሆኗል። ስለ እናቷ ጤና ገና ስጠይቃት «ሽኩር፣ ማሽንህን ይዘህ አንድ ቀን ብቻ ና» አለችኝ፣ «ጫካው አይደለም፣ ከእናቴ ቤት በታች ያለውን መንገድ ብቻ እይልኝ፣ እስከ በሩ ድረስ። ሁለቱ አዝራሮች እዚያ አለመኖራቸውን አረጋግጥልኝ።»

ማሽኗ ተበላሽታለች አልኳት። አልተበላሸችም፣ ይኸው አጠገቤ ናት፣ ባትሪዋም ሙሉ ነው።